ቅጠሉን ገልብጡት፦ ቀይ ሸረሪትን ከቤት ውስጥ ተክሎች ያለ መርዝ ማጥፋት

የካቲት ሲገባ አዳማ ላይ ንፋሱ ይደርቃል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ምሳ ሰዓት ላይ በጣት ቢነኩት መስመር ይወጣበታል። ቆርቆሮው ይግላል። ከሰዓት በኋላ ሳሎን መቀመጥ ይከብዳል። እኛ የምንቸገርበት ይህ ወቅት ለአንዲት ጥቃቅን ተባይ ግን ሠርግና ምላሽ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት መስኮቴ ሥር አንድ አይቪ ነበረኝ። እናቴ ከራሷ ተክል ቆርጣ የሰጠችኝ ሐረግ ነው። መጋቢት ላይ ቅጠሉ ገረጣ። ውሃ አነሰው ብዬ አጠጣሁት። አልተሻለውም። ምግብ አጥቶ ይሆናል ብዬ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ጭራሽ ባሰበት። ጎረቤት "ተባይ ነው" ስትለኝ የዝንብ ፍሊት ነፋሁበት። በሦስተኛው ሳምንት ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ስስ ድር ለብሶ አገኘሁት። መጣል ግድ ሆነ።

በኋላ ነገሩን ሳጠና ዩሪያውም ፍሊቱም ተባዩን የሚረዱ እንደነበሩ ገባኝ። ለምን እንደሆነ እየሄድን እነግራችኋለሁ። ዛሬ ወደ ሃያ የሚጠጉ ተክሎች አሉኝ። ቀይ ሸረሪት በየዓመቱ ይመጣብኛል። ግን አንድም ተክል አልወሰደብኝም።

መጀመሪያ ጠላታችሁን እወቁ

የአበባ እርሻ ሠራተኞች "ቀይ ሸረሪት" ወይም በፈረንጅ ስሙ "ስፓይደር ማይት" ይሉታል። ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ስምንት እግር ስላለው ከዝንብና ከጉንዳን ወገን አይደለም። ዘመዶቹ ሸረሪትና መዥገር ናቸው። ይህን ልብ በሉ፤ ፍሊት ለምን እንደማይሠራ የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ትልቁ ሴት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። የምትኖረው በቅጠሉ ጀርባ ነው። አፏን እንደ መርፌ እየሰካች የቅጠሉን ጭማቂ ትመጥጣለች። ጭማቂው የተመጠጠበት ቦታ አረንጓዴነቱን ያጣና ከላይ ሲታይ ገርጣ ያለች ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹ ሲበዙ ቅጠሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጥሎ ነሐስ መሰል ቀለም ይይዛል፤ ከዚያ ይረግፋል።

አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። 27 እና 30 ዲግሪ መሀል ሲሆን ግን አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃል። የአዳማ ቆርቆሮ ቤት ሚያዝያ ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ የምታውቁት ናችሁ። በዚያ ላይ ሴቷ ያለ ወንድ መውለድ ትችላለች፤ ያልዳበረው እንቁላል ወንድ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ብቻ ብትገባ ትበቃለች።

የምትገባው ደግሞ በንፋስ ነው። ተክሉ ሲደክምባት ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥታ ድር ትለቅና ንፋሱ ይዟት ይሄዳል። ንፋስ ደግሞ በአዳማ እጥረት የለም። ኮረብታው ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማማዎቹ የተተከሉት ለዚሁ ንፋስ ብለው ነው። መስኮት ዘግቶ መኖር አይቻልም። ስለዚህ "ከየት መጣብኝ?" ብላችሁ አትጨነቁ። ቶሎ ማየቱ ነው ዋናው።

1. እሱ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ ነጭ ወረቀት አምጡ። የተጠረጠረውን ቅጠል በላዩ ያዙና በጣት ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። የወደቀው ነገር ዝም ካለ አቧራ ነው። ነጥብ የምታክል ነገር ቀስ እያለች ከሄደች ግን አገኛችኋት። በጣት ብትጠርጓት አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ጭረት ትተዋለች። ዓይናችሁ ካልረዳችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ አንሱና ፎቶውን አጉሉት።

ድሩንም እዩ። የቀይ ሸረሪት ድር በጣም ስስ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉያ ውስጥና በቅጠሉ ጀርባ ይሠራል። ውሃ ነፋ ብታደርጉበት ጤዛ ይዞ ወለል ብሎ ይታያል። በማዕዘን ላይ ሰፋ አድርጎ የሚያደራው የቤት ሸረሪት ሌላ ነው። እሱን ተዉት፤ ትንኝ ይይዝላችኋል።

አሁን በአዳማ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። ድራሴናና ስፓይደር ፕላንት የሚባሉት ተክሎች የቅጠላቸው ጫፍ ብቻ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ሰዎች ተባይ መስሏቸው ሳሙና ይረጫሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በወንጂ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ከዚሁ የመጣ ነው። እነዚህ ሁለት ተክሎች ደግሞ ፍሎራይድ አይወዱም። ጫፉ ብቻ ደርቆ የቀረው ቅጠል ንጹሕ አረንጓዴ ከሆነና ወረቀቱ ላይ የሚሄድ ነገር ከሌለ መርጨቱን ተዉት። የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ አጠጡት።

ሌሎችም አሉ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ሚሊባግ ነው። ለምለም ጫፍ ላይ ተከማችቶ የሚያጣብቀው ክሽክሽ ነው። ቅጠሉ ብርማ ሆኖ ጥቁር ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለበት ትሪፕስ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ከታች የምነግራችሁ እጥበትና ሳሙና ለእነሱም ይረዳል።

2. ለዩት

የታመመውን ተክል ከሌሎቹ አርቁት። ሌላ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ሌላ ክፍል ከሌለ ቅጠል ከቅጠል እንዳይነካካ አድርጉ። አጠገቡ የነበሩትን ሁሉ በነጭ ወረቀት ፈትሹ፤ ጤነኛ የሚመስሉትንም ጭምር።

ከግማሽ በላይ የገረጣውንና ድር የያዘውን ቅጠል በመቀስ ቁረጡ። የተቆረጠውን ወዲያው ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ ቋጥሩት። ግቢ ጥግ አትጣሉት፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ተባዩ ተነስቶ ይሄዳል። እኔ የተቋጠረውን ፌስታል ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ነው የምጥለው። መቀሱንና እጃችሁን ታጠቡ። በልብስም ይሄዳል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ንኩት እንጂ ከእሱ ተነስታችሁ ወደ ጤነኛው አትሂዱ።

ቅጠሉን ሁሉ ግን አትጨርሱት። ተክሉ የሚያገግመው በቀረው ቅጠል ነው። ከሲሶ በላይ አለመቁረጥ ጥሩ ነው።

3. እጠቡት

ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒቱ ይቸኩላል። ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ዘይት የት ይሸጣል? ስንት ማንኪያ? እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማምነው ውሃን ነው። በደንብ የተመታ ውሃ ተባዩንም፣ ድሩንም፣ እንቁላሉንም በብዛት ጠርጎ ይወስዳል። ሳሙናውና ዘይቱ የቀረውን ለመጨረስ ነው። እጥበቱን ዘልሎ መርጨት ድሩ ላይ መርጨት ነው፤ ፈሳሹ ገላው ጋ አይደርስም።

ትልቅ ተክል ከሆነ ሻወር ቤት አስገቡት። አፈሩ እንዳይታጠብና እንዳይረጥብ የአበባ ማሰሮውን በፌስታል ሸፍናችሁ ግንዱ ላይ በላላ እሰሩት። ተክሉን ጋደም አድርጉና ውሃውን ከታች ወደ ላይ ልቀቁበት። ቅጠሉን በመዳፋችሁ ደግፉ። ቅጠሉን የማይቀድ፣ ግን ጠንከር ያለ ውሃ ይሁን። የእያንዳንዱን ቅጠል ጀርባ፣ የቅርንጫፉን ጉያ፣ ገና ያልተዘረጋውን ለምለም ጫፍ አትዝለሉ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሻወሩ የማይታሰብ ነው። እኔም ብዙውን ጊዜ በሳፋ ነው የምሠራው። ለትንሽ ተክል አምስት ሊትር ውሃ ይበቃል። አፈሩን በፌስታልና በጨርቅ አጥብቄ እሸፍናለሁ። በአንድ እጄ አፉን ደግፌ ተክሉን እገለብጠዋለሁ። ቅጠሉን በሙሉ ሳፋው ውስጥ ነክሬ ግራና ቀኝ አወዛውዘዋለሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ውሃውን ቀይሬ እደግመዋለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ስታዩ ይገርማችኋል። ያንን ውሃ መንገድ ዳር ወይም ሽንት ቤት ድፉት፤ ሌላ ተክል አታጠጡበት።

እንደ ጎማ ዛፍ ያለ ሰፊና ወፍራም ቅጠል ያለውን መንከር አያስፈልግም። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም እየደገፋችሁ ጥረጉት። ጨርቁን በየቅጠሉ እጠቡት። አንዱን ጨርቅ ሳያጥቡ ከቅጠል ወደ ቅጠል መሄድ ተባዩን ማጓጓዝ ነው።

4. ሳሙናውን በጥብጡ

ሳሙና ተባዩን የሚገድለው ገላው ላይ ሲያርፍ ነው። ውጫዊ ሽፋኑን ያበላሽበታል፤ ይደርቃል። ሳሙናው አንዴ ከደረቀ ኃይል የለውም። በኋላ የሚመጣውን አይጠብቅም። እንቁላል ላይም ብዙ አይሠራም። ይህን ካወቃችሁ አረጫጨቱ ራሱ ይገባችኋል፤ በደንብ ማራስና ቶሎ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው።

የምትጠቀሙት ሳሙና ተራ ይሁን። ሽታና ቀለም የበዛበት፣ ማንጫ የተቀላቀለበት፣ ቅባት አብርር የሚል አይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ፈጽሞ አትንኩ፤ ቅጠል ያቃጥላል። የደረቅ ሳሙና ካላችሁ ፈቅፍቃችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ሙሉት። ፈሳሽ ሳሙና ከሆነ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ማለት 5 ሚሊ ሊትር፣ ለ1 ሊትር ይበቃል። ጠንከር ያለ ጥቃት ከሆነና ተክሉ ከቻለው ወደ 2 ማንኪያ መድረስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ጉዳቱ ያመዝናል።

ውሃውን ተመልከቱ። ሳሙናው አረፋ ከመሥራት ይልቅ ነጭ ዝቃጭ ከሆነ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ነው፤ ሳሙናውን ይገድለዋል። የዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። አንድ ሊትር ስለሆነ ኪስ አይጎዳም።

መርጫው ርካሽ ነው። ፀጉር ቤት ውሃ የሚነፉበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። አዲስ ይሁን፤ በረኪና ወይም መርዝ የነበረበትን አጥባችሁ አትጠቀሙ።

ሁሉንም ከመርጨታችሁ በፊት አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና እስከ ነገ ጠብቁ። ፈርን፣ እንደ እሬት ያሉ ወፍራም ቅጠል ያላቸውና ፀጉራም ቅጠሎች ሳሙናና ዘይት ያስቸግራቸዋል። ቅጠሉ ካልጠቆረ ቀጥሉ።

ሰዓቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ። ቀን ላይ በአዳማ ሙቀት ሳሙናው በደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። አልሠራም ማለት ነው፤ ቅጠሉንም ያቃጥላል። የተጠማ ተክል ላይም አትርጩ። ጠዋት አጠጡት፣ ማታ እርጩት። ጀርባውን ቀድሙ፣ ከዚያ ፊቱን። ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ ይራስ። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

5. ሳሙና ብቻውን ካልበቃ

ከሁለት ዙር በኋላም ወረቀቱ ላይ ብዙ የሚሄድ ነገር ካለ ዘይት ጨምሩበት። ዘይት ተባዩ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ እንቁላሉንም አፍኖ ይገድላል። ሳሙና የማይችለውን ይሠራል ማለት ነው።

ቤት ያለው የተጣራ የሱፍ ዘይት ይሆናል። 2 የሻይ ማንኪያ ዘይት ከ1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ቀላቅላችሁ በደንብ ምቱት። ወተት ሲመስል በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አቅጥኑት። እየነቀነቃችሁ እርጩ። ከተተወ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና አንዱ ቅጠል ውሃ፣ አንዱ ቅጠል ዘይት ይደርሰዋል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነበት ሰዓት ዘይት አትርጩ። የተረጨውንም ተክል በማግስቱ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

ከዚህ የሚሻለው የኒም ዘይት ነው። ዘይቱ ሌሎች ዘይቶች የሚሠሩትን ይሠራል። በተጨማሪ ፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የተባዩን መብላትና ማደግ ያውካል። የኒም ዘይት ካገኛችሁ 1 የሻይ ማንኪያ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በቂ ነው። ዘይቱ ጠዋት ረግቶ ካገኛችሁት ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት። የበጠበጣችሁትን በዕለቱ ጨርሱ፤ አያድርም። ሽታው ይከብዳል። እንግዳ ባለበት ቀን ባትረጩ ይሻላል።

ዛፉ ያላችሁ ደግሞ ፍሬውን ተጠቀሙ። ኒም እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ብዙ የሚታይ ዛፍ ነው፤ ቆላ ዘመድ ያለው ሰው ሊያስመጣ ይችላል። የደረቀውን ፍሬ ከልጣጩ ለይታችሁ ውስጡን ውቀጡ። 50 ግራም ለ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሩበት፣ ማታ እርጩት። ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ያጠፋዋል። ቅጠሉን ቀቅለው የሚረጩም አሉ፤ ዋናው ኃይል ያለው ፍሬው ላይ ስለሆነ ያ ደከም ያለ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው "ኒም" የሚለው ዛፍ ኒም አይደለም። ሜሊያ የሚባል ዘመዱ ነው። መለያው ቅጠሉ ነው። የኒም ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረው ያልቃሉ። የሜሊያ ዘንግ ግን ሌሎች ትናንሽ ዘንጎች ያወጣና ቅጠሉ በእነዚያ ላይ ይደረደራል። የሜሊያ ፍሬ ለሰውና ለከብት መርዝ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት በግምት አትሥሩ።

ለሰፋፊ ወፍራም ቅጠሎች ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮልም ይረዳል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በጥጥ የቅጠሉን ጀርባ ጥረጉ። ይህንንም መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። የቡና ከሰል እየነደደ ባለበት ክፍል ግን በፍጹም፤ አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል።

6. ረቡዕና ቅዳሜ

ሁሉም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አንዴ ይረጫል። በማግስቱ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል። ደስ ይለዋል፣ ተክሉን ወደ ቦታው ይመልሳል። በሳምንቱ ተመልሶ "መድኃኒቱ አይሠራም" ይለኛል። መድኃኒቱ ሠርቷል። እንቁላሉ ነው የቀረው። በሙቀት ውስጥ እንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው በሳምንቱ ራሱ እንቁላል ይጥላል። ሥራችን የተፈለፈለው ሳይወልድ መድረስ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ምረጡ። የእኔ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ በሦስትና በአራት ቀን ልዩነት ይመጣሉ። ቅዳሜ ከጀመርኩ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ። አምስት ዙር፣ ሁለት ሳምንት። በየዙሩ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ መርጨት። ውሃ የምትመጣበት ቀን ሌላ ከሆነ ቀኑን በእሷ አስተካክሉ። ብቻ ከአራት ቀን አታሳልፉ። ዘይት ወይም ኒም የምትጠቀሙ ከሆነ በየዙሩ ሳይሆን በሳምንት አንዴ አድርጉትና በመሀሉ ሳሙና ብቻ እርጩ፤ ዘይት ሲደራረብ ቅጠሉ ይጎዳል።

ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉ። እኔ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አከብበዋለሁ።

ከአምስተኛው ዙር በኋላ በየሳምንቱ የወረቀቱን ምርመራ ለአንድ ወር ቀጥሉ። የተጎዳው ቅጠል አረንጓዴ አይሆንም፤ የገረጣው እንደገረጣ ይቀራል። መዳኑን የምታውቁት በአዲሱ ቅጠል ነው። አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ተክሉን ወደ ቦታው መልሱት።

የማይሆኑ ነገሮች

ፍሊት። የቤት ፍሊት ለዝንብና ለበረሮ የተሠራ ነው። ቀይ ሸረሪት ከእነሱ ወገን ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። የሚሞቱት እሱን የሚበሉት ትናንሽ አዳኞች ናቸው። አዳኝ ሲጠፋ ደግሞ እሱ ይፋነናል። የእኔ አይቪ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ባቱ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን እያደነ የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ዘመዱን ገዝተው የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው። አምስት ማሰሮ ላለው ቤት እሱን መግዛት አያዋጣም፤ ያሉትን አዳኞች አለመግደል ግን ያዋጣል።

ዩሪያ። ለምለምና ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ተባዩ በፍጥነት እንዲራባ ያደርጋል። ተክሉ ታሞ እያለ ማዳበሪያ አትስጡት። ካገገመ በኋላ ይደርሳል።

ማላታይን እና ሌሎች የእርሻ መርዞች። በገበያ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣሉ። ሰው በሚተኛበት፣ ሕፃን በሚድህበት ክፍል ውስጥ እነሱን መርጨት ለአንድ ማሰሮ ተክል የሚከፈል ዋጋ አይደለም። አደራ።

ኮምጣጤና ጨው ቅጠሉን ያቃጥላሉ። አመድ ተባዩ ጋ አይደርስም፤ አፈሩ ላይ ሲበዛ ደግሞ ሥሩን ይጎዳል። የትምባሆ ውሃ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ አይገባም። ሚጥሚጣ የሚረጩም አይቻለሁ። ተክሉ ሳይሆን የሚረጨው ሰው ዓይን ነው የሚቃጠለው። ነጭ ሽንኩርት ጉዳት የለውም፤ ግን ብቻውን የተስፋፋ ጥቃት ሲያቆም አላየሁም።

ለምግብ በምትተክሏቸው በሶብላና ጤና አዳም ላይ ተራ ሳሙናና ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ስትቀጥፉ በደንብ እጠቡ።

እንዳይመለስ

ቀይ ሸረሪት ደረቅ አየር፣ አቧራና የተጠማ ተክል ይወዳል። ሦስቱንም መቀነስ ይቻላል።

በሳምንት አንዴ ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጀርባውንም። ይህ ልማድ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ አቧራውን ያነሳል፣ ገና የገባችውንም ተባይ ይጠርጋል። የአስፋልት ዳር ቤት ያላችሁ በሳምንት ሁለቴ ብታደርጉት ነው የሚሻለው።

ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከቬንትሌተር ፊት አንሱ። ቬንትሌተር ቅጠሉን ያደርቃል፤ ተባዩንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይነፋዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚሞቅበት ጊዜ አፈሩን በጣት እየነካችሁ ውሃ አጠጡ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ደርቆ ካገኛችሁት ጊዜው ነው። ውሃ እንደ ጉም ነፋ ማድረግ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፤ ግን በዚህ ንፋስ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። የምትነፉ ከሆነ የቅጠሉን ጀርባ በሚያጥብ መጠን ይሁን።

አዲስ ተክል ደግሞ ቀጥታ ሳሎን አይግባ። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭም ግዙት፣ ከዘመድ ቤትም ይምጣ፣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። የመጣ ዕለት እጠቡት። በሳምንቱ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጉት። ከሻጩ ፊትም ቅጠል ገልብጦ ማየት ነውር አይደለም፤ እኔ ሁሌ እገለብጣለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ መተው አለ። ድሩ ግንዱን ሁሉ ከለበሰ፣ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ከረገፈ፣ ተክሉም በቀላሉ የሚተካ ከሆነ ሌሎቹን ለማዳን እሱን ጣሉት። የእናት ስጦታ ከሆነ ግን ከመጣላችሁ በፊት የተሻለውን ጫፍ ቁረጡ። በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አለቅልቁትና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አኑሩት። አይቪ እንዲህ አድርጎ ሥር ያወጣል። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ከዚያ ሐረግ አንድ ጫፍ አተርፍ ነበር። እናቴ ሌላ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ አሁን በረንዳው በር ላይ ነው ያለው።

ሐምሌ ሲገባ ማሰሮዎቹን በተራ ወደ በረንዳ አወጣቸዋለሁ። ጎን ለጎን አስተኛቸውና ዝናቡ ጀርባቸውን እንዲመታው እተዋቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጣራው ሥር በርሜል አስቀምጬ የማጠራቅመውን ውሃ ደግሞ ለድራሴናው አቆይለታለሁ።